በበዓለ ሃምሳ የጾመው መምህር

በዓል በመጣ ቁጥር ወዳጆቼ "ዘንድሮ እንኳ በልክ እንብላ" ይሉኛል። እኔም "እሺ" እላለሁ፤ እሺ የምለው ግን ጥርሴን ነክሼ ነው። በበዓል ቀን በልክ መብላት ምን እንደሚያስከትል ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። እኔ በልክ ልብላ ብዬ ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ነበር።

ኧረ ቀስ ልበል፤ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። ከሸዋ ተመድቤ ብቸና ጤና አጠባበቅ አስተምር ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ላም፣ እንቁላልና ጎመን እሥልና "ገንቢ! ኃይል ሰጪ! በሽታ ተከላካይ!" እያስባልኩ ልጆቹን አስጮሃለሁ። ላሟ ውሻ ስለምትመስል ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም "ምን ያስቃችኋል? ወተቷን ነው ማየት!" ብዬ እቆጣለሁ። አፌ እንዲህ ሲያስተምር ሆዴ የሚኖረው ግን በሌላ ሥርዓት ነበር። ወንደላጤ ነኛ! ጠዋት ደረቅ እንጀራ በአዋዜ፣ ማታ በርበሬው ዓይን የሚያስለቅስ ሽሮ ከጠላ ቤት፣ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ፣ "ለመፍጫ" እየተባለ። ከመምህራኑ ሁሉ ስለ ምግብ እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም፤ እንደ እኔ ክፉ አመጋገብ ያለውም አልነበረም።

ሆዴ ታገሠኝ፣ ታገሠኝና በሁዳዴ መካከል አመፀ። ፍም የዋጥኩ ያህል አንገበገበኝ። ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የጣቢያው ሐኪም ቢጤ፣ ድሬሰሩ፣ ወዳጄ ስለሆነ አያዝንልኝም። ሆዴን በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣

"ጨጓራህ ተቆጥቷል" አለኝ።

"በማን ላይ?"

"ባንተ ላይ ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ በርበሬ የለም። ቅቤ የለም። ጥሬ ሥጋ የለም። አረቄ የለም። ጠላም የለም።"

"ታዲያ ምን አለ?"

"ወተት ጠጣ።"

"አንተ ሰው፣ ሁዳዴ ነው እኮ!"

"እንግዲያውስ እስከ ፋሲካ ድንች ቀቅለህ ብላ። በፋሲካ ግን ወዮልህ! አንተን የማውቅህ በጾም አይደለም፣ በፍስክ ነው።"

ድንቹን ቀቅዬ በላሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያለ ጨው እንኳ በላሁ። ሆዴም ዝም አለ። ዝም ባይል ይሻለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ሆዴ ዝም ሲል ልቤ መናገር ጀመረ። የልቤ ነገር ደግሞ አስካለ ናት።

አስካለ እዚያው ብቸና አንደኛ ክፍል የምታስተምር የሞጣ ልጅ ነበረች። ስትናገር ቀስ ብላ ነው፤ የተናገረችው ግን ሦስት ቀን ጆሮ ውስጥ ይቀመጣል። ተግባብተናል፣ ተስማምተናል፤ የቀረው አባቷ ናቸው። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ ሞጣ ላይ ድጓ ያስተምራሉ፣ ማኅሌት ይመራሉ፣ ሰውም ይፈራቸዋል። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌውም መልስ ይዞ መጣ።

"'ልጁን በወሬ ሰምተነዋል፤ የፋሲካ ማግስት ይምጣና እንየው' ብለዋል" አለኝ።

"እሰይ! ጥሩ ነዋ!"

"ቆይ፣ አትቸኩል። 'ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ሆዱ እስኪሞላ ሲበላ ያላየሁትን ሰው ልጄን አልሰጥም' ብለዋል። ካንተ በፊት የጠየቀውን ለምን እንደመለሱት ታውቃለህ? ሲበላ አቅማማ። 'ይህ በሽተኛ ነው፤ ልጄን አስታማሚ አላደርጋትም' ብለው በመጣበት መለሱት።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከበላሁ ሆዴ ይገድለኛል። ካልበላሁ አስካለን አጣለሁ። ታምሜያለሁ ካልኩ ደግሞ መንገዱም አያስፈልገኝም፤ እዚያው ብቸና ቁጭ ብዬ ድንቼን መቀቀል ነው።

የፋሲካን ሌሊት ወተቴን ጠጥቼ፣ እንደ ሕፃን አፌን ጠርጌ ገደፍኩ። በበዓሉ ማግስት ጎህ ሲቀድ ጆንያ የጫነች መኪና ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ በዓሉ ገና ከራሱ አልወረደለትም። ግንደወይን ላይ ቆመና "መምህር፣ ትንሽ ላሸልብ፤ በሬ የመጣ እንደሆነ ጡሩምባ ንፋ" ብሎኝ መሪው ላይ ተኛ። በሬ አልመጣም፤ እኔ ግን ጡሩምባውን ነፋሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ አቧራ እንደ ዱቄት ተነስንሶብኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሞጣ ገባሁ።

የመሪጌታ ቤት ሰው በሰው ሆኗል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊበላም፣ ሊያየኝም መጥቷል። መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከራስጌ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው የአስካለ አጎት ግራዝማች ደስታ አሉ፤ ጢማቸው የተፈተለ፣ ዓይናቸው ሰው የሚመዝን። እኔን ከሁለቱ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። እጄን አስታጠቡኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር እስከ ዛሬ ሆዴን ይነፋኛል።

ዶሮ ወጥ መጣ፤ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ ፊቴን ያሳየኛል። ዱለት መጣ። ከቅርጫው የደረሳቸው ጥሬ ሥጋ በትልቅ ሳሕን ተጭኖ መጣ። ጠላ በዋንጫ፣ አረቄ በመለኪያ መጣ። እኔም ዘዴ አወጣሁ። አንዲቷን ቁራጭ ሥጋ አፌ ውስጥ አደረግሁና እንደሚያመሰኳ በሬ ዝም ብዬ አላምጣታለሁ። ማንም ሲያየኝ እየበላሁ ነኝ። መሪጌታም "ጎሽ፣ ጥርሱ ደህና ነው" ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ።

ደስታዬን የቀሙኝ የአስካለ እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። ከኋላዬ መጡና የጨቅላ ሕፃን ራስ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ፊቴ ላይ ደቀኑት።

"በሞቴ!"

"ኧረ እናቴ፣ በልቻለሁ…"

"አፈር ስሆን! አስካለ ትሙት!"

አስካለን ከጠሩብኝ ምን እላለሁ? ዋጥኩት። እሳቱ ጉሮሮዬን እየጠበሰ ወረደ። ሁለተኛውን ሲጠቀልሉ አየሁና ከግራዝማች የተቆረጠልኝን ሥጋ ቀስ እያልኩ በአግዳሚው ሥር መጣል ጀመርኩ። እዚያ የመሪጌታ ውሻ ተኝቷል። ውሻው መጀመሪያ አላመነም፤ ቀጥሎ አመነ፤ በመጨረሻ ጌታው እኔ መሆኔን ወሰነ። ብድግ አለና ጉልበቴ ላይ አገጩን አስደግፎ ዓይን ዓይኔን ያይ ጀመር።

"ይገርማል" አሉ ግራዝማች። "ይህ ውሻ እንግዳ ሳይነክስ አሳልፎ አያውቅም። ምን አድርገህለት ነው?"

ሁሉም ጎንበስ ብሎ አግዳሚው ሥር አየ። ውሻው ሊጨርሰው ያልቻለው ሥጋ እዚያ ተከምሯል።

መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "መምህር፣ ማዕዳችንን ናቅኸው?"

"ኧረ በፍጹም! ምን ቆርጦኝ!"

"ታዲያ አሞሃል?"

ይህችን ቃል ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ያኔ ነው እንግዲህ እግዜር የማይወደው ምላሴ ሳያማክረኝ የተናገረው። "አይ መሪጌታ፣ ጤነኛ ነኝ። ንስሐ ገብቼ… የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ ነው። ጾም ላይ ነኝ።"

እኔ ድጓ አልተማርኩ፣ ምን ላድርግ! ለአንድ የሸዋ መምህር ጾም ምን ጊዜም የተከበረ ምክንያት ነው፤ ጾም ላይ ነኝ ያለውን ማን በግድ ያበላዋል? መሪጌታ ግን ቅንድባቸው ግንባራቸው ላይ ወጣ።

"በበዓለ ሃምሳ?" አሉ። "ጌታ ከተነሣ በኋላ? በእነዚህ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስግደትም የለም። ይህንን ትናንት የመጣ ተማሪዬ ያውቀዋል። የትኛው ካህን ነው በፋሲካ ማግስት ጾም የሚያዝ?"

"ሸዋ… ያሉ ካህን ናቸው።"

"ብቸና ካህን ሞልቶ፣ እስከ ሸዋ ድረስ የሚያስኬድ ምን ዓይነት ኃጢአት ነው?"

እኔም ዝም። ዝምታዬ ደግሞ ከንግግሬ የባሰ ሥራ ሠራ። ሰው ሁሉ የየራሱን ኃጢአት ያስብልኝ ጀመር። ወይዘሮ ጥሩነሽ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ ሸዋ ሚስት አለችህ?" አሉኝ። "የለችኝም" ብላቸው "ልጆችስ?" አሉኝ።

ግራዝማች ደስታ ግን ሌላ ነገር ነው የታያቸው። ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ አወጡኝ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"እንደ ወንድም ንገረኝ። ማንን ነው?"

"ምኑን ማንን?"

"የገደልከው!"

"ኧረ ግራዝማች! እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም!"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አሉ ትከሻዬን እየደበደቡ። "የገደለ ሰው እንዲያ ነው የሚለው። እኔማ ገና ስትገባ፣ ይህ የጤና አጠባበቅ አስተማሪ ሰውነቱ ቢከሳም ዓይኑ የወንድ ነው ብዬ ነበር። አይዞህ። ደመኞችህ ቢመጡ በእኔ በኩል ነው የሚያልፉት።" ብለው ገቡና ምንሽር ጠመንጃቸውን ይዘው በር ላይ ቁጭ አሉ። የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ "ከየት ነህ? ከሸዋ ነህ?" እያሉ ይመረምሩ ጀመር።

እዚያው ጓሮ ቆሜ ሳለሁ ለበዓሉ ቀድማኝ ቤቷ የገባችው አስካለ ከማድ ቤት ብቅ አለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

"ሴቶቹ ሰው ገድሏል ይላሉ። ወንዶቹ ደግሞ ሁለት ነው የገደለው ይላሉ። አንተስ ምን ትላለህ?"

"ጨጓራዬ ነው፣ አስኩዬ። ድሬሰሩ ከልክሎኝ ነው። ድንች ብቻ ነው የምበላው።"

"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"በሽተኛ ነው ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"ነፍሰ ገዳይ ስትባል አልፈራህም?" አለችና በጣቷ ቤቱን አሳየችኝ። "ግባና እውነቱን ተናገር። አሁኑኑ።"

ገባሁ። ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎረቤት ከፊቴ ያለችውን የሥጋ ቢላዋ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳባት። መሪጌታ በሐዘን ነው የሚያዩኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሰው ነህና ትበድላለህ። ደም እንኳ ቢሆን ይታረቃል፤ ንስሐ የማያጥበው የለም። በሽታ ብቻ አይሁን! በሽታ በንስሐ አይለቅም። ንገረኝ፣ ምንድን ነው?"

አፌን ከፍቼ "ጨጓ…" ልል ነበር። "በሽታ ብቻ አይሁን" የምትለዋ ቃል ግን መለሰችኝ። አስካለን አሰብኳት። ድንቼን አሰብኩት። ደግሞ አስካለን አሰብኳት። እጅጌዬን ሰበሰብኩና፣

"ኃጢአትም የለብኝ፣ በሽታም የለብኝ! ቀልዴን ነበር! ሥጋው የታለ?" አልኩ።

እልል ተባለ። በላሁ፣ ወገኖቼ! ለአምስተኛ ክፍል ያስተማርኩትን ሁሉ ገልብጬ በላሁ። ገንቢውን ከኃይል ሰጪው ደባለቅሁት፤ በሽታ ተከላካዩ ግን ከቤቱም አልነበረ። ዱለቱን በሚጥሚጣ፣ ጥሬውን በአዋዜ፣ ዶሮውን ከነእንቁላሉ፣ አረቄውን በላይ በላዩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሲያጎርሱኝ ሌሎች ሴቶችም ተሰልፈው አጎረሱኝ። መሪጌታ ፊታቸው በራ። ቅር ያላቸው ግራዝማች ብቻ ናቸው። ከበር ተመልሰው "አልገደለም?" ብለው ጠየቁ። "አልገደለም" ሲሏቸው ምንሽራቸውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉና "እንዲያው ዝም ብሎ መምህር ነው በለኛ" አሉ እያዘኑ።

ጨጓራዬ የጠበቀው የመጨረሻዋን መለኪያ ብቻ ነበር። አንዳች ነገር ከውስጤ በጥርሱ ያዘኝ። "አየር ልቀበል" ብዬ ወጣሁ፤ ግቢው መሐል ስደርስ ግን ተጣጥፌ ወደቅሁ። ከመንገድ የመጣ፣ ከጎረቤት የመጣ፣ ከቤት የወጣ ሰው ሁሉ ከበበኝ። አንዲት አሮጊት ራሴን ያዙና "ቡዳ ነው የበላው! ተናገር! ማነው የበላህ? ስሙን ጥራ!" እያሉ ነቀነቁኝ።

"ዱለት…" አልኩ እያቃሰትኩ።

"ዱለት የሚባል ሰው እዚህ አገር አለ?" ብለው ዞረው ጠየቁ።

ከኋላ ደግሞ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁሉም በሚሰማው ልክ ማለቴ ነው፣ "ምን ቡዳ አመጣችሁ? ከመሪጌታ ማዕድ ተነሥቶ አይደለም የወደቀው? ልጃቸውን ሊሰጡት አልፈለጉ ይሆናል። አንድ ነገር አብልተውት ነው" አለ። ሌላውም "ቀድሞ አልበላም ያለው ለካ ጠርጥሮ ነው!" አለ። ወሬው እንደ ጭድ እሳት ከአጥር አጥር ዘለለ።

ይህች ወሬ በእኛ አገር ቀልድ አይደለችም። እንግዳ አብልቶ ገደለ የተባለ ሰው ቤት ማንም ውኃ አይቀምስም። መሪጌታ ሰምተዋል። እኚያ ማኅሌት የሚመሩ ሰው ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው እየዞሩ የሚያምናቸው ፊት ሲፈልጉ አየኋቸው። ያን ጊዜ ከሆዴ ይልቅ እሳቸው አሳዘኑኝ።

አስካለ ወተት በጣሳ ይዛ ሕዝቡን ገፋ ገፋ አድርጋ መጣችና አጠገቤ ተንበረከከች። እያጠጣችኝ ለአባቷ በጆሯቸው "አባባ፣ ጨጓራ ነው ያለበት። ሐኪም ከልክሎታል" አለቻቸው።

"ከመምጣቱ በፊት?"

"በፊት።"

መሪጌታ ትንፋሻቸው መለስ አለ። ያ ሁሉ ሰው እያየ መሬት ላይ፣ አቧራው ላይ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። "ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "አንድ ቃል ከአፍህ ይውጣልኝ። ድሮም በሽተኛ ነበርኩ በልልኝ። ቤቴን አድንልኝ።"

አያችሁ ነገሩን? ቅድም ያንን ቃል ብናገር ልጅቷን አጣ ነበር፤ አሁን ደግሞ በገዛ አፌ፣ በሞጣ ሕዝብ ፊት ተናግሬ ላጣት ነው። አስካለን አየኋት። ወተቱን እንደያዘች ታየኛለች። አልገፋፋችኝም፣ አልከለከለችኝም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የሆድ ቁርጠት ነው ብዬ ልዋሻችሁ እችል ነበር፣ ግን አልነበረም።

"አቁሙኝ" አልኩ። ግራዝማች ብብቴን ይዘው አቆሙኝ።

"ስሙኝ!" አልኩ የክፍል ድምፄን አውጥቼ። "ማንም ምንም አላበላኝም። ቡዳም አይደለም። እኔ ከድሮም በሽተኛ ነኝ! ጨጓራዬ የታመመ ነው። ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል፣ ቅቤ ከልክሎኛል፣ በርበሬ ከልክሎኛል። እነዚህ ሰዎች የሚያበሉኝን ሁሉ አበሉኝ፤ በሽታዬን ደብቄ የበላሁ እኔ ነኝ።"

ሕዝቡ "እህ!" አለ። የጠረጠረውም አፉን ያዘ። አሮጊቷም ራሴን ለቀቁኝ። ነገር ግን አንዷ ሴት በሐዘኔታ ከንፈሯን መጠጠችና "ውይ! እንግዲህ ይህን በሽተኛ ማን ያገባዋል?" አለች። መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። የሚያስቡትን አወቅሁት፤ አቧራዬን አራግፌ መኪና ፍለጋ ልሄድ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

"አባባ" አለች አስካለ። ጮክ አላለችም፤ ግቢው ግን ሰማት። "በእኛ ምክንያት ነው በሽታውን ለአገር የተናገረው። ሞጣ ዛሬ ሰማች፣ ነገ ግንደወይን ትሰማለች፣ ከነገ ወዲያ ብቸና። ከእንግዲህ ለዚህ ሰው ከእኛ በቀር ልጁን የሚሰጠው ማን አለ?"

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ። እኔን ከራሴ እስከ እግሬ አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ ነበርና፣ በላዬ ላይ ጣሉት። ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ማኅሌት በሚመሩበት በዚያ ድምፃቸው፣

"ሰምታችኋል አይደል?" አሉ። "በሽተኛው የእኛ ነው። በሉ ግቡና ብሉ።"